ቆፍሮ መተው

ወሎ ሰፈር ለሕንፃ መሠረት ጉድጓድ ሲቆፈር የቆርቆሮ አጥሩ ቀዳዳ ካለው፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ተራ በተራ አጎንብሶ ያያል። እኔም አይቻለሁ። ከታች ያቆረውን ውሃ ፓምፕ ቀንና ሌሊት ወደ መንገዱ ይተፋዋል። ከአጥሩ ማዶ ያለው ግቢ ደግሞ የውሃ ፈረቃው እስኪደርስ ባዶ ጄሪካን ደርድሮ ይጠብቃል።

ከተማዋ ራሷ የተቆረቆረችው ከመሬት ሥር በሚወጣ ውሃ ሰበብ ነው። በ1879 ዓ.ም እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ፍል ውሃ አጠገብ ቤት አሠሩ። ያኔ በራሱ ይፈልቅ የነበረው ውሃ ዛሬ የሚሳበው ከጥልቅ ጉድጓዶች ነው። የሂልተን መዋኛም የሚሞላው በዚሁ ፍል ውሃ ነው።

ሰው ለውሃ፣ ለወርቅ፣ ለነዳጅ ይቆፍራል። አንዳንዴ ደግሞ ለእልህ። ሶቭየቶች እ.ኤ.አ. በ1970 ኮላ በሚባለው የሰሜን ጫፍ መሬታቸው መቆፈር ጀምረው በ1989 12,262 ሜትር ደረሱ። የጉድጓዱ ስፋት አንድ ስንዝር ያህል ነው። እታች 100 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ጠብቀው 180 አገኙ፤ ዓለቱ እየላመ መሰርሰሪያውን አላስኬድ አለ። በ1992 ሥራው ቆመ፤ ዛሬ አፉ በብረት ክዳን ታስሯል። አሜሪካኖችም በባሕር በኩል ሞክረው ነበር፤ በ1966 ምክር ቤታቸው በጀቱን ከለከለ። እርግጥ ሶቭየቶቹ ስለ ምድር ቅርፊት ብዙ ተምረዋል። ሥራው ከንቱ ነበር ማለቴ አይደለም።

እኔን የሚገርመኝ ግን የቦረናዎች ጉድጓድ ነው። ዘጠኙ የቱላ ኤላዎች በእጅ የተቆፈሩ ናቸው፤ ጥልቀታቸው ቢበዛ 30 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ሰዎች ከታች እስከ ላይ እርከን በእርከን ቆመው፣ እየዘፈኑ፣ ባልዲ ከእጅ ወደ እጅ ይቀባበላሉ። ይህ ለዘመናት የዘለቀው በቁፋሮው ብልሃት ብቻ አይደለም። ኤላው አባ ኮንፊ የሚባል ባለቤት አለው፤ የማን ከብት መቼ እንደሚጠጣ የሚወስን አባ ሄሬጋ አለው። ኤላው ሲደረመስ ጎሳው ከብት አዋጥቶ፣ ቆፋሪ ቀልቦ፣ መልሶ ያወጣዋል።

አሁን ወደ አሉቶ እንሂድ። ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በዝዋይና በላንጋኖ ሐይቆች መካከል ያለ እሳተ ገሞራ ነው። የከርሰ ምድር እንፋሎት ፍለጋው በንጉሡ ዘመን፣ በ1961 ዓ.ም ተጀመረ። በደርግ ጊዜ፣ እስከ 1977 ዓ.ም ድረስ፣ ስምንት ጉድጓዶች ተቆፈሩ፤ ጥልቁ 2,500 ሜትር ይደርሳል። ከሥር ከ300 ዲግሪ በላይ ሙቀት ተገኘ። ያ ሁሉ ገንዘብ ፈሶ፣ ጉድጓዱ እየተነፈሰ፣ ማመንጫ ጣቢያ የተተከለው በ1990 ዓ.ም ነው። አሥራ ሦስት ዓመት! አቅሙ 7.3 ሜጋ ዋት ነበር። እሱም ጥቂት ዓመታት ሠርቶ ቆመ፤ ታድሶ ቢነሣም ሙሉ አቅሙ ላይ መድረስ አቃተው። ከምድር በታች ሙቀት ጠፍቶ አይደለም። ከምድር በላይ ጉድጓዱንና ማሽኑን የሚከታተል ሙያና አስተዳደር ጠፍቶ ነው።

«ድሃ ስለሆንን ነው» የሚል አይጠፋም። ኬንያም ሀብታም አልነበረችም። በዚያው ስምጥ ሸለቆ፣ ኦልካሪያ ላይ እ.ኤ.አ. በ1981 የጀመረችው በ15 ሜጋ ዋት ነው። ያችኑ እየጠበቀች፣ እየጠገነች፣ ከጎኗ ሌላ እየቆፈረች ዛሬ ከከርሰ ምድር እንፋሎት ከ800 ሜጋ ዋት በላይ ታመነጫለች።

እኛም ከዚያ ወዲህ እዚያው አሉቶ ላይ አዳዲስ ጉድጓዶች ቆፍረናል። መሰርሰሪያ ሲተከል ካሜራ ይመጣል፤ እኔም ብላክ እሄዳለሁ። ከእንግዲህ ግን ስለ ሜትሩ ከመጠየቄ በፊት የምጠይቀው አንድ ነገር አለ፦ የዚህ ጉድጓድ አባ ሄሬጋ ማነው?