ሳይናዘዙ መሞት፦ ከምኒልክ አዋጅ እስከ ጄፒ

ባለፈው ዓመት እዚህ ጆሃንስበርግ፣ ጄፒ በምንለው ሠፈር ይነግድ የነበረ አንድ ወንድማችን በድንገት አረፈ። 34 ዓመቱ ነበር። አስከሬኑን ወደ ሆሳዕና ለመሸኘት የሚያስፈልገው ገንዘብ በሁለት ቀን ተዋጣ፤ በዚህ እንኳ አንታማም። ያስቸገረን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ከባለቤቱ ጋር የተጋቡት በቤተ ክርስቲያን እንጂ በመንግሥት መዝገብ አልነበረም። የዱቤ ደብተሩ ከእሱ በቀር ማንም በማይፈታው አጻጻፍ የተሞላ ነው። የሱቁ ኪራይ ውል በሌላ ሰው ስም ነው። ወንድሙ «ግማሹ ዕቃ የእኔ ነው» ይላል፤ አባትየው ከአገር ቤት በየማታው ይደውላሉ። እኔም በሙያዬ መሐንዲስ ብሆንም «አንተ የተማርክ ነህ፣ ወረቀቱን እይልን» ተብዬ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀመጥሁ።

ለምን አልተናዘዘም? ለ34 ዓመት ጎልማሳ ይህን ጉዳይ ማንሳት በእኛ ዘንድ ሟርት ነው። ቋንቋችንም ያግዘናል፤ ለንስሐ አባት ኃጢአትን መናገርም ንብረትን ማውረስም «ኑዛዜ» ነው። ሁለቱም የአልጋ ቁራኛ ሥራ ይመስሉናል።

በታሪካችን የታወቀው ትልቁ ኑዛዜ እንኳ የተነገረው ተናዛዡ በሕመም ሳሉ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1901 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱን ወራሻቸው አድርገው ሲያሳውጁ፣ የቃሉ ጠባቂ እርግማንና መሐላ ነበር። በ1909 ዓ.ም. መኳንንቱ ኢያሱን ሲያወርዱ መሐላውን ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ ፈቱላቸው፤ ኑዛዜውም አብሮ ፈረሰ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነገሩን ከእርግማን ወደ ወረቀት አመጣው። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ ተናዛዡ በገዛ እጁ የጻፈውም ይጸናል። የቃል ኑዛዜ ግን ጠባብ ነው። ለቀብር ሥርዓት፣ ለሕፃናት ልጆች አሳዳሪ ለመሰየምና እያንዳንዳቸው ከ500 ብር ለማይበልጡ ስጦታዎች ብቻ ይሠራል፤ ተናዛዡ ሦስት ወር በሕይወት ከቆየም ይፈርሳል። በየሽምግልናው «እንዲህ ብሎኝ ነበር» እየተባለ ከሚቀርበው ቃል ስንቱ በዚህ ሚዛን እንደሚያልፍ አንባቢ ይገምተው።

የምንኖርበት አገር ታሪክ ደግሞ ከዚህ ይመርራል። እ.ኤ.አ. በ1927 በወጣው የጥቁሮች አስተዳደር ሕግ መሠረት፣ ሳይናዘዝ የሞተ ጥቁር ንብረት በአብዛኛው «በልማድ» መሠረት ለቅርብ ወንድ ዘመዱ ይተላለፍ ነበር። አፓርታይድ ከወደቀ አሥር ዓመት ሲሞላውም ደንቡ አልተነሣም ነበር። በኬፕታውን ዳርቻ በካየሊትሻ አንድ አባት በ2002 ሳይናዘዝ ሞተ። አያትየው «ወራሹ እኔ ነኝ» ብለው ቤቱን ሸጠው የቀብሩን ወጪ ሊሸፍኑበት አሰቡ፤ ሁለቱ ሴት ልጆች ባዶ እጃቸውን ሊቀሩ ሆነ። ጉዳዩ የተቋጨው እዚሁ ከተማችን፣ በአሮጌው እስር ቤት ግቢ በተሠራው የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ነው። ኦክቶበር 15 ቀን 2004 ዳኛ ፒየስ ላንጋ በጻፉት የአብላጫ ድምፅ ውሳኔ ደንቡ ተሻረ።

ሳይናዘዝ የሞተ ሰውም ኑዛዜ አለው፤ የጻፈለት ግን ሌላ ሰው ነው። በ1927 የጻፉት ለጥቁር ሴት ልጅ ግድ የሌላቸው ነበሩ፤ የዛሬዎቹ ይሻላሉ። ይኸው ፍርድ ቤት በ2021 ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት ለኖሩም የውርስ መብት ሰጥቷል። ሆኖም አብሮ መኖሩን የማስረዳቱ ሸክም በወንድማችን ባለቤት ትከሻ ላይ ነው፤ ሐዘኗን ሳትጨርስ ፎቶና ደረሰኝ ትሰበስባለች።

በዚህ አገር ከ16 ዓመት ጀምሮ መናዘዝ ይቻላል። እኔ 46 ዓመት ሞልቶኝ፣ ሌላውን ስመክር ከርሜ፣ የራሴን የጻፍሁት ባለፈው ወር ነው። ባለቤቴን ምስክር ላደርጋት ነበር፤ ለካ ምስክር ሆኖ የፈረመ ሰው ከኑዛዜው ለመጠቀም ይቸገራል። ስለዚህ ሁለት የአገሬን ልጆች ጠራሁ። አንደኛው እስክሪብቶውን ከመያዙ በፊት ፊቴን ትክ ብሎ አየና «ታመሃል እንዴ?» አለኝ።