አነስተኛ የአፈር ግድብ፦ አሠራሩና ሕጉ
አነስተኛ የአፈር ግድብ የክረምትን ጎርፍ አቁሮ ለበጋ መስኖ የሚያቆይ፣ ከሸክላ አፈር በንብርብር እየተጠቀጠቀ የሚሠራ ክትር ነው። ወገዳን ጨምሮ ዝናባቸው በክረምት ለሚበረታ ደጋና ወይና ደጋ አካባቢዎች የበጋ አትክልት ማልሚያ ይሆናል።

ግድቡን በአብዛኛው የሚያፈርሰው ውኃው በአናቱ ላይ ሲፈስ ነው። ስለዚህ የትርፍ ውኃ መውጫ ቦይ ከክትሩ ጎን በጽኑ መሬት ላይ ይቀደዳል። ሁለተኛው ጠላት ደለል ነው፤ የላይኛው ተዳፋት በእርከንና በሣር ካልተያዘ ኩሬው ይሞላል። ዛፍም በክትሩ ላይ አይተከልም፤ ሥሩ ሲበሰብስ ውኃ ያሾልካል።

የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ውኃን የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ያደርጋል። ባህላዊ መስኖ ፈቃድ አይጠይቅም፤ ግድብ መገንባት ግን ይጠይቃል። ክትሩ የአርሶ አደሩ ቢሆንም ውኃው የእርሱ ብቻ አይደለም፤ ከሥራው በፊት የወረዳውን የውኃ ጽሕፈት ቤትና የታችኛውን ጎረቤት ማማከር ይገባል።