አራቱ ወንጌሎች ለምን አንድ መጽሐፍ አልሆኑም?

ምናልባት በሥራ ቦታህ ወይም በዩኒቨርሲቲ ዶርም አንዱ ስልኩን ከፍቶ እንዲህ ብሎህ ይሆናል፦ «በማቴዎስ 9 ኢያኢሮስ ልጄ ሞታለች ብሎ መጣ፤ በማርቆስ 5 ግን ልትሞት ተቃርባለች ነው ያለው። የቱን እንመን?» ወዲያው ደግሞ ስለ በትሩ ጨመረልህ። በማርቆስ 6፥8 ጌታ ለደቀ መዛሙርቱ በትር ሲፈቅድላቸው፣ በማቴዎስ 10፥10 ይከለክላቸዋል። መልስ አጣህ። ማታ ለጸሎት ስትንበረከክ ጥያቄውም አብሮህ ተንበረከከ። እንዲህ ያለ ዝርዝር አይተው ማንንም ሳይጠይቁ ከኅብረት የቀሩ ወጣቶች አሉ፤ ጠይቀውም «ይህን የሚያሳስብህ ሰይጣን ነው» ተብለው የተመለሱ አሉ። ስለዚህ ዛሬ ትንሽ ታሪክ ልንገርህ።

በመጀመሪያ፣ ጥያቄው አዲስ አይደለም። በ178 ገደማ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሴልሰስ የተባለ አረማዊ ጸሐፊ በክርስቲያኖች ላይ መጽሐፍ ጽፎ ነበር። በመቃብሩ ስለ ታዩት መላእክት አንዱ ወንጌል አንድ፣ ሌላው ሁለት እንደሚል ያን ጊዜ አስተውሏል። ኦሪጀን ከ70 ዓመት በኋላ ሰፊ መልስ ጻፈለት። ጓደኛህ በስልኩ ያሳየህ ነገር እንግዲህ ከ1,800 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው ማለት ነው።

አሁን ወደ ታቲያን እንምጣ። ይህ ሰው ከአሦር ምድር የመጣ፣ በሮም በሰማዕቱ ዮስጢኖስ እግር ሥር የተማረ፣ ብሩህ አእምሮ የነበረው ሰው ነው። በ170ዎቹ ገደማ አራቱን ወንጌሎች አንድ ላይ ሸምኖ አንድ ተከታታይ ታሪክ አደረጋቸው። መጽሐፉ ዲያቴሳሮን ይባላል፤ «በአራቱ በኩል» ማለት ነው። እስቲ አስበው! የሚደጋገም የለም፣ የሚጋጭ የሚመስለው ሁሉ ተስተካክሏል፣ ለንባብም ይመቻል። የሶርያ አብያተ ክርስቲያናት ለ200 ዓመት ያህል ሲያነቡት ኖሩ። የመዝሙሩ ሰው ኤፍሬም ሶርያዊው እንኳ ማብራሪያ ጽፎለታል። ቤተ ክርስቲያን ተቃርኖውን መደበቅ ብትፈልግ ኖሮ መደበቂያው ተዘጋጅቶ በእጇ ነበር፤ መቀበል ብቻ ነው የቀራት።

አልተቀበለችውም። በ5ኛው መቶ ዘመን የኤዴሳው ጳጳስ ራቡላ በየቤተ ክርስቲያኑ አራቱ ወንጌሎች እየተለዩ እንዲነበቡ አዘዘ። የቂሮስ ጳጳስ ቴዎዶሬት ደግሞ በግዛቱ ከ200 በላይ የዲያቴሳሮን ቅጂዎች አግኝቶ ሰብስቦ እንዳነሣና በምትካቸው አራቱን ወንጌሎች እንዳስገባ ራሱ ጽፏል። ምክንያቱንም ተናግሯል፤ ታቲያን የትውልድ ሐረጉንና ጌታ በሥጋ ከዳዊት ዘር መሆኑን የሚያሳየውን ክፍል ቆርጦ ጥሎ ነበር። ታቲያን ኋላ ላይ ጋብቻን እስከ መንቀፍ የደረሰ ሰው ነው። እንግዲህ ወንድሜ፣ እህቴም፣ አየሽ፤ የሚያስተካክል እጅ ሲያስተካክል ምን እንደሚጥል ማን ይቆጣጠረዋል?

በ339 ገደማ ያረፈው የቂሳርያው አውሳብዮስ ግን ሌላ መንገድ መረጠ። አንዲት ቃል ሳይነካ አሥር ሰንጠረዦች ሠራ። የመጀመሪያው በአራቱም ወንጌሎች ያለውን ታሪክ፣ የመጨረሻው በአንዱ ብቻ የሚገኘውን በቁጥር ያሳያል። አንባቢው የማቴዎስን ክፍል ይዞ የማርቆስን ተመሳሳይ ወዲያው ፈልጎ እንዲያወዳድር ማለት ነው። ልዩነቱን የሚፈራ ሰው እንዲህ ያለ መሣሪያ ለአንባቢ ያዘጋጃል? እነዚህ ሰንጠረዦች እኛም አገር ደርሰዋል። በዓድዋ አቅራቢያ በአባ ገሪማ ገዳም ባሉት የግዕዝ ወንጌሎች መግቢያ ላይ በቀለም አጊጠው ተሥለዋል። ብራናው ተመርምሮ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዘመን ባለው ጊዜ የተዘጋጀ መሆኑ ታውቋል። እኛ ወንጌላውያን እነዚያን መነኮሳት በስንት ነገር ብንለያቸውም፣ አራቱን ወንጌል ሳይቀላቅሉ ስላቆዩልን ልናመሰግናቸው ይገባል።

በእኛው በተሐድሶው ወገን ሌላ ጽንፍ ነበር። በ1537 የሉተራኑ ኦዚያንደር ወንጌሎቹን ሲያስማማ፣ አገላለጹ ትንሽ በተለየ ቁጥር «ይህ ሌላ ጊዜ የሆነ ሌላ ክስተት ነው» አለ። በዚህም የኢያኢሮስ ልጅ ከአንድ ጊዜ በላይ ከሞት ተነሣች! ቅን ሰው ነበር፤ ግን ቃሉን ሊያግዝ ብሎ ቃሉ ያላለውን ጨመረ። ካልቪን በዚህ መንገድ አልሄደም፤ ወንጌላውያኑ የጊዜን ቅደም ተከተል በጥብቅ እንዳልተከተሉ በግልጽ ጽፏል።

ታዲያ የኢያኢሮስ ነገርስ? ቁጥሮቹን ቁጠር። ማርቆስ ታሪኩን በ23 ቁጥር ሲተርክ ማቴዎስ በ9 ይጨርሰዋል። በማርቆስ አባትየው መጀመሪያ ይለምናል፤ የሞቷ ወሬ በመንገድ ላይ ይደርሰዋል። ማቴዎስ መልእክተኞቹን ትቶ ልመናውንና መርዶውን በአንድ ላይ አስቀመጠው። እኛስ የዘመድ ሕመምና ሞት በስልክ ስንነግር መሐሉን ዘለን ዋናውን አንናገርም? ይህ መልስ ለእኔ በቂ ነው።

የበትሩ ግን ይከብዳል። «አንዱ የያዙትን ስለ መያዝ፣ ሌላው አዲስ ስለ መፈለግ ነው» የሚሉ አሉ። ለማቴዎስ ሊያስኬድ ይችላል፤ ሉቃስ 9፥3 ላይ ግን ማርቆስ የተጠቀመበትን «መያዝ» የሚለውን ያንኑ ግሥ ታገኛለህ፣ በትሩም እዚያ ተከልክሏል። ስለዚህ እኔ ይህን መልስ አልሰጥህም። ሦስቱም የሚሉት መልእክተኛው በስንቁ ሳይሆን በላከው ተማምኖ እንዲሄድ መሆኑን አያለሁ፤ በትሩን በተመለከተ ጥያቄውን ክፍት ትቼ እሰብካለሁ፣ እጸልያለሁ።

ያ ጓደኛህ ነገ ሲመጣ ዝርዝሩን ለጊዜው እንዲያስቀምጥ ለምነውና መጽሐፍ ቅዱስህን ከፍተህ አብራችሁ አንብቡ። ከማርቆስ 5፥21 ጀምሩ።