ቻሉድ ኒምሳመር፡- የታይላንድ ቀራፂና የሕትመት ጥበብ መምህር

በታይላንድ ዋና ከተማ ባንኮክ የሚገኘው የንግሥት ሲሪኪት ብሔራዊ የስብሰባ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1991 ተመርቆ ሥራ ሲጀምር በፊት ለፊቱ አንድ ወርቃማ ቅርጽ ቆሞለት ነበር። ማዕከሉ የተገነባው የዓለም ባንክና የዓለም የገንዘብ ድርጅት የዚያን ዓመት የጋራ ጉባዔ ለማስተናገድ ነው። ቅርጹ “ሎካ ኡታራ” የሚል ስያሜ የተሰጠው ሲሆን፣ ቃሉ የቡድሃ እምነት መጻሕፍት ከተጻፉበት ከፓሊ ቋንቋ የተወሰደና “ከዚህ ዓለም በላይ የሆነ” የሚል ትርጉም ያለው ነው። የዓለም ገንዘብ ጉዳይ ለሚመከርበት አዳራሽ ይህን ስም የያዘ ሥራ የሠሩት ሰው ፕሮፌሰር ቻሉድ ኒምሳመር ይባላሉ።

ፕሮፌሰር ቻሉድ ቀራፂ፣ ሠዓሊና የሕትመት ሥነ ጥበብ ባለሙያ ነበሩ። ከዚህም ሌላ በአገራቸው የሕትመት ጥበብ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ራሱን የቻለ ትምህርት እንዲሆን ያደረጉ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መምህር ናቸው። ታይላንዳውያን እንደ ኢትዮጵያውያን ሁሉ ሰውን የሚጠሩት በራሱ ስም እንጂ በቤተሰቡ ስም ባለመሆኑ፣ በዚህ ጽሑፍም ቻሉድ በሚለው ስማቸው ይጠራሉ።

ትውልድና ትምህርት

ቻሉድ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1929 ከቻኦ ፍራያ ወንዝ በስተምዕራብ በምትገኘው በቶንቡሪ ነው። ቶንቡሪ ዛሬ የባንኮክ አካል ብትሆንም በዚያን ጊዜ ራሷን የቻለች አስተዳደር ነበረች። በውኃ ቦዮቿና በፍራፍሬ እርሻዎቿ የምትታወቅ አካባቢም ነበረች።

በዚያን ዘመን በታይላንድ “አርቲስት” የሚባለው ሙያ ገና አዲስ ነበር። ለብዙ መቶ ዓመታት የቤተ መቅደስ ግድግዳ የሚሥሉት፣ የቡድሃ ምስል የሚያቀልጡትና እንጨት የሚጠርቡት ሰዎች በቤተ መንግሥት የሙያ ክፍሎች የታቀፉ ወይም በገዳማት ዙሪያ የሚኖሩ ባለ እጆች ነበሩ። በሥራቸው ላይ ስማቸውን አይጽፉም ነበር። ሙያው በአገሪቱ ክብር እንደነበረው ግን ጥርጥር የለውም። ንጉሥ ራማ ሁለተኛ ራሳቸው በባንኮክ የሱታት ቤተ መቅደስን በር በመቅረጽ እንደተሳተፉ ይነገርላቸዋል።

ይህ ልማድ መለወጥ የጀመረው መንግሥት ዘመናዊ የመታሰቢያ ሐውልቶችን ማሠራት በፈለገ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1892 በኢጣሊያ ፍሎሬንስ የተወለዱት ቀራፂ ኮራዶ ፌሮቺ እ.ኤ.አ. በ1923 በሲያም መንግሥት ተቀጥረው ወደ ባንኮክ መጡ። ፌሮቺ የነገሥታትንና የጀግኖችን ሐውልቶች እየሠሩ ጎን ለጎን የአገሪቱን ወጣቶች ማስተማር ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1933 የተቋቋመው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1943 ሲልፓኮርን ዩኒቨርሲቲ በሚል ስም ወደ ከፍተኛ ትምህርት ተቋምነት አደገ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ኢጣሊያ እጅ ከሰጠች በኋላ ፌሮቺ የታይላንድ ዜግነት ተሰጥቷቸው ሲልፓ ቢራስሪ ተባሉ። እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 1962 ድረስም በዚሁ ስም ሲጠሩ ኖረዋል።

ቻሉድ በፖ ቻንግ የእደ ጥበብ ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ ወደ ሲልፓኮርን ዩኒቨርሲቲ በመግባት የእኒህ ሰው ተማሪ ሆኑ። በ1950ዎቹ መጀመሪያም በቅርጻ ቅርጽ የመጀመሪያ ዲግሪ ካገኙት የዩኒቨርሲቲው ቀደምት ምሩቃን አንዱ ለመሆን በቁ። በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1949 በተጀመረው ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ዐውደ ርዕይ ላይ በቅርጻ ቅርጽ፣ በሥዕልና በሕትመት ሥራዎቻቸው ተሸላሚ ሆነዋል። እ.ኤ.አ. በ1959 ደግሞ በዐውደ ርዕዩ በተደጋጋሚ ከፍተኛ ሽልማት ላገኙ ባለሙያዎች የሚሰጠውን የላቀ አርቲስት ማዕረግ በቅርጻ ቅርጽ ዘርፍ አግኝተዋል።

ከሮም እስከ ኒው ዮርክ

በ1950ዎቹ አጋማሽ ቻሉድ ወደ ኢጣሊያ ተልከው በሮም የሥነ ጥበብ አካዳሚ ተምረዋል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በኒው ዮርክ በሚገኘው የፕራት የግራፊክ ጥበብ ማዕከል የሕትመት ሥነ ጥበብ ስልቶችን አጥንተዋል። ይህ ሁለተኛው ጉዞ በታይላንድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ላይ ከፍተኛ ለውጥ ያስከተለ ነው።

የሕትመት ሥነ ጥበብ ማለት አርቲስቱ ምስሉን በቀጥታ በወረቀት ላይ ከመሣል ይልቅ በእንጨት፣ በመዳብ፣ በድንጋይ ወይም በወንፊት ጨርቅ ላይ አዘጋጅቶ፣ ቀለም ቀብቶ በወረቀት ላይ የሚያትምበት ዘዴ ነው። በእንጨት በሚሠራበት ጊዜ ነጭ ሆኖ እንዲቀር የተፈለገው ቦታ ተፍቆ ይወጣና የቀረው ጎልቶ ቀለሙን ይይዛል። በመዳብ ሲሆን ግን ተቃራኒው ይፈጸማል። መስመሩ በመርፌ ወይም በአሲድ ይቦረቦራል፤ ቀለሙ በተቦረቦረው ቦይ ውስጥ ይገባል፤ ላይ ላዩ ተጠርጎ እርጥብ ወረቀት በከባድ ማተሚያ ሥር ይጨመቃል። ከአንድ ቅርጽ የሚወጡት ቅጂዎች ቁጥራቸው የተወሰነ ሲሆን፣ አርቲስቱ እያንዳንዱን በእጁ ቁጥር ሰጥቶ ይፈርምበታል።

ከዚህ መረዳት እንደሚቻለው የሕትመት ጥበብ ለአንድ ቀራፂ እንግዳ ሙያ አይደለም። መሮ ይዞ እንጨት የሚፍቅ ሰው ሥራው ሐውልት ቢሆንም የሕትመት ቅርጽ ቢሆንም የእጁ ልምድ አንድ ነው። ቻሉድ ገና ወጣት ሳሉ የታይላንድን የገጠር ኑሮና የቤተሰብ ሕይወት በእንጨት ቅርጽ ሕትመት ያሳዩት ለዚህ ነበር።

ሙያው ለአገሪቱ ሌላም ጥቅም ነበረው። የነሐስ ሐውልት ማቅለጫ፣ ብዙ ሠራተኛና ከፍተኛ ወጪ የሚጠይቅ በመሆኑ የሚያሠራው በአብዛኛው መንግሥት ወይም ቤተ መንግሥት ነው። ሕትመት ግን በአነስተኛ ወጪ ይሠራል፤ ተጠቅልሎ በፖስታ ይላካል፤ በርካታ ቅጂ ስላለውም በአንድ ጊዜ በተለያዩ አገሮች ሊታይ ይችላል። የውጭ ጉዞ አቅም ያልነበራቸው ታይላንዳውያን ወጣቶች በዓለም አቀፍ የሕትመት ዐውደ ርዕዮች መሳተፍ የቻሉት በዚህ መንገድ ነው።

የትምህርት ክፍሉ መመሥረት

ቻሉድ ወደ አገራቸው እንደተመለሱ ያገኙትን ዕውቀት በግል ሥራቸው ብቻ አልወሰኑትም። እ.ኤ.አ. በ1966 በሲልፓኮርን ዩኒቨርሲቲ የሕትመት ሥነ ጥበብ የትምህርት ክፍል እንዲቋቋም በማድረግ ዋነኛውን ሚና ተጫውተዋል። ቀደም ሲል ሕትመት ከሥዕልና ከቅርጻ ቅርጽ ጎን በተጓዳኝ የሚሠራ እንጂ ራሱን ችሎ የሚያስመርቅ ትምህርት አልነበረም። ከዚያ ጊዜ ወዲህ ግን ታይላንድ በደቡብ ምሥራቅ እስያ በሕትመት ሥነ ጥበብ ስማቸው ከሚነሣ አገሮች አንዷ ሆናለች።

ቀጥሎ የተነሣው ጥያቄ ከማተሚያ መሣሪያ የከበደ ነበር። የዩኒቨርሲቲው መሥራች ከኢጣሊያ የመጡ፣ ስልቱም ከሮምና ከኒው ዮርክ የተቀሰመ ከሆነ፣ ከዚህ ትምህርት ቤት የሚወጣው ሥራ የታይላንድ የሚሆነው በምንድን ነው? በ1970ዎቹ በሲልፓኮርን የታይላንድ ባህላዊ ሥነ ጥበብ የትምህርት ክፍል ሲከፈት ቻሉድ ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። የክፍሉ ተማሪዎች ጥንታዊውን የቤተ መቅደስ የግድግዳ ሥዕልና ጌጥ ያጠናሉ። ይሁን እንጂ ጥናቱ የቀድሞውን ሥራ ደግሞ ለመገልበጥ ሳይሆን፣ የራሳቸውን ዘመን የሚገልጽ ሥራ እንዲፈጥሩበት ታስቦ ነው።

ቻሉድ ለተማሪዎች ያዘጋጁት የሥነ ጥበብ አደረጃጀት መማሪያ መጽሐፍ ስለ መስመር፣ ስለ ቅርጽ፣ ስለ ቀለምና ስለ ቦታ አጠቃቀም በታይላንድኛ የሚያስረዳ ነው። የሙያው ቃላት ከውጭ ቋንቋ በመጡበት አገር አንድ ጀማሪ ተማሪ መሠረታዊ ዕውቀቱን በራሱ ቋንቋ እንዲያገኝ ማስቻሉ ከሐውልት የማይተናነስ አገልግሎት ነው።

የገጠሩ ቅርጽና የአደባባዩ ቅርጽ

ለጥያቄው በሥራቸው የሰጡት መልስ እ.ኤ.አ. በ1982 ባቀረቡት የገጠር አካባቢ ቅርጻ ቅርጽ ላይ በግልጽ ይታያል። ቻሉድ በዚህ ወቅት ነሐስና እምነ በረድ ትተው በገጠር ሰው እጅ ወደሚገኙ ነገሮች ተመለሱ። ቅርጾቹ የቆሙት በሙዚየም አዳራሽ ሳይሆን ሰው በሚኖርበትና በሚያርስበት አካባቢ ነው። በጠንካራ ድንጋይ ወይም በነሐስ የተሠሩ ስላልነበሩም ዘላለማዊ እንዲሆኑ የታሰቡ አልነበሩም። ለሐውልት የሠለጠነ ቀራፂ ፀሐይና ዝናብ የሚያፈርሱትን ሥራ መምረጡ፣ ማንኛውም ነገር አላፊ ነው ከሚለው የቡድሃ አስተምህሮ ጋር የሚስማማ ነው።

በዚሁ አሥር ዓመት የቀጠሉት “ልጄ” የተሰኙት ተከታታይ ሥራዎቻቸው ደግሞ የወጣት ሴትን ምስል መነሻ ያደረጉ ናቸው። በእነዚህ ሥራዎች ቻሉድ የቤተሰብን ፍቅር ከእምነት ጸጥታ ጋር አጣምረው አሳይተዋል። ለረጅም ዓመታትም እንደ ዕለት ማስታወሻ የሚቆጠሩ ንድፎችን በወረቀት ላይ ሲያሰፍሩ ኖረዋል።

ከእነዚህ ጸጥ ያሉ ሥራዎች በኋላ እ.ኤ.አ. በ1991 ወርቃማው “ሎካ ኡታራ” በአደባባይ ቆመ። በመልክ ሲታይ ሁለቱ የተራራቁ ይመስላሉ፤ አንዱ ለመንደር፣ ሌላው ለዓለም አቀፍ ጉባዔ ነው። በውስጣቸው ያለው ሐሳብ ግን ይቀራረባል። አንዱ በሚፈርስ ነገር፣ ሌላው በወርቃማ መልክና በስሙ፣ ሁለቱም ሰው ከያዘው ሀብት ባሻገር እንዲመለከት ያሳስባሉ።

የተሰጣቸው ዕውቅና

የታይላንድ መንግሥት በ1980ዎቹ አጋማሽ የብሔራዊ አርቲስት ሽልማትን መሥርቷል። ሽልማቱ በሥነ ጽሑፍ፣ በትርኢትና በሥዕላዊ ጥበባት ለላቁ ሰዎች የሚሰጥ ሲሆን፣ ዕለቱም በንጉሥ ራማ ሁለተኛ የልደት ቀን፣ የካቲት 24 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ይከበራል። ቻሉድ እ.ኤ.አ. በ1998 በሥዕላዊ ጥበባት፣ በቅርጻ ቅርጽ ዘርፍ ብሔራዊ አርቲስት ተብለዋል። በእንጨት ቅርጽ ሕትመታቸው የታወቁት ፕራያት ፖንግዳምም ይህንኑ ክብር ያገኙ መሆናቸው፣ የሕትመት ጥበብ በአገሪቱ ከሥዕልና ከሐውልት እኩል ቦታ መያዙን ያመለክታል።

ቻሉድ ኒምሳመር እ.ኤ.አ. በ2015 ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። የገጠሩ ቅርጾቻቸው እንደታሰበው አላፊ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የትምህርት ክፍል ግን ከእሳቸው በኋላም ማስተማሩን ቀጥሏል። ለአንድ ሐውልት በጀት መያዝ የአንድ ዓመት ውሳኔ ነው፤ ሐውልቱን የሚሠራውን ሰው ማፍራት ግን በሲያም ከ1923 ጀምሮ ከአርባ ዓመት በላይ የወሰደ፣ ከውጭ በመጣ አንድ መምህር ተጀምሮ በአገሩ ልጅ እጅ የጸና ሥራ ነው።