ጋፋት ላይ የጎደለው ሰው

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ጀርመንታውን ወዳጄ ቤት ቡና እየጠጣን ሳለ ወሬው ወደ ልጁ ዞረ። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ነው፤ መካኒካል ኢንጂነሪንግ መማር ይፈልጋል። አባት ግን ኮምፒውተር ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ብሏል። «ለመካኒክነትማ አሜሪካ ድረስ ምን አስመጣን!» ሲል ሁላችንም ሳቅን። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ሳቁ አልተዋጠልኝም። የሳቅንበት ጉዳይ አንድ ንጉሠ ነገሥት እንቅልፍ ያጡበት ጉዳይ ነውና ይህችን ጽሑፍ ለመሞነጫጨር ተነሳሁ።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የሰበሰቧቸው አውሮፓውያን ባብዛኛው ባዝል አካባቢ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና የመጡ፣ የእጅ ሙያ ያላቸው ሚሲዮናውያን ነበሩ። መድፍ ሥሩ ሲባሉ አንችልም አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ሠርተው አያውቁም። ንጉሡ ግን አልተቀበሉም፤ የመጀመሪያው ሙከራም ከሸፈ። የአገራችን ባለእጅ መስቀል ማውጣት ያውቅበታል፤ ብዙ ቶን ብረት ባንድ ጊዜ አቅልጦ ማፍሰስ ግን ሌላ ነገር ነው። ምድጃው ሙቀቱን ካልቻለ፣ ቅርጽ ማውጫው እርጥበት ከያዘ፣ ብረቱም በአግባቡ ካልቀዘቀዘ መድፉ ከውስጥ ይሰነጠቃል። ሲተኮስ የሚገድለው ተኳሹን ነው። ይህን አስቀድሞ በስሌት የሚያውቀው መካኒካል መሐንዲስ ነው። ጋፋት ላይ ያ ሰው አልነበረም። በመውደቅ በመነሳት የተሠራው ሴባስቶፖል 7 ቶን ያህል ይመዝን ነበር፤ ከጥቅምት 1867 ጀምሮ መንገድ እየተጠረገለት፣ በሰው ክንድ እየተጎተተ መቅደላ ለመድረስ ወራት ፈጀ። በሚያዝያ 1868 ንጉሡ ራሳቸውን ሰዉ። ሴባስቶፖል እዚያው ቀረ።

ስለ መድፉ ስናወራ የምንዘለው ነገር አለ። ቴዎድሮስ በ1866 ፍላድን ወደ እንግሊዝ የላኩት መሣሪያ ግዙልኝ ለማለት ሳይሆን ባለሙያና መኪና ላኩልኝ ለማለት ነበር። ባለሙያዎቹ ምጽዋ ድረስ መጥተዋል! እስረኞቹ ስላልተለቀቁ ወደ መሀል አገር ሳይዘልቁ ተመለሱ። ጥያቄው ትክክል ነበር እላለሁ፤ ሰው አስሮ ዕውቀት መጠየቁ ግን ዕውቀቱንም አሳጣቸው። ጋፋት ከአውሮፓውያኑ ጎን ሲለማመዱ የነበሩ ኢትዮጵያውያንም ንጉሡ ሲወድቁ ተበተኑ።

ይህ የጥንት ታሪክ ነው የሚል ካለ ወደ ጉባ ይምጣ። የሕዳሴው ግድብ የኤሌክትሮመካኒካል ሥራ ለብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን (ሜቴክ) ተሰጥቶ ነበር፤ በ2018 ተነጥቆ ለውጭ ኩባንያዎች ተላለፈ። ሜቴክ ሲነሳ እኛ ዲያስፖራዎች የምናወራው ስለ ክሱና ስለ ፖለቲካው ነው። የክሱ ነገር እንዳለ ሆኖ፣ እነዚያ 13 ተርባይኖች ምን እንደሚጠይቁ ግን የሚናገር አላጋጠመኝም። እያንዳንዳቸው ወደ 400 ሜጋዋት ያመነጫሉ፤ ያ ሁሉ ብረት ሌት ተቀን ሲሽከረከር በዘንጉ ላይ ያለች ጥቂት መዛነፍ ንዝረት ትፈጥራለች፣ ንዝረቱም ማቀፊያውን ይበላል። የመጀመሪያው ተርባይን በየካቲት 2022 ሥራ ጀመረ፤ ግድቡም በመስከረም 2025 ተመረቀ። ግንባታውን በገዛ ገንዘባችን ሠራነው። ለሚቀጥሉት ሃምሳ ዓመታት ንዝረቱን አዳምጦ ማሽኑን አቁሙ የሚለው ማን ይሆን?

እሑድ ለወዳጄ ደውዬ ይህን ሁሉ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና «ደመወዙስ?» አለኝ። ደመወዙም ክፉ አይደለም አልኩት። ልጁን ስልኩ ላይ ጠራልኝና ለምን እንደመረጠው ጠየቅሁት። እቃ ለምን እንደሚሰበር ማወቅ እፈልጋለሁ አለኝ።