ከቢቸና ሰማይ እስከ ጉባ

በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲታወጅ በጎጃም የቢቸናና የሞጣ ገበሬ ርስቱ እንዳይለካበት ሰግቶ አመፀ። መንግሥትም እግረኛ ጦር ብቻ አልላከም፤ የአየር ኃይል አውሮፕላኖች ሳይቀሩ መንደሮችን ደበደቡ። የጣሊያን ቦምብ በደረሰበት ጎጃም፣ የገዛ አገር አውሮፕላን ይህን ማድረጉ ሳይከብድ አይቀርም።

ሰማዩ የማን ነው? ሕጉ የመንግሥት ነው ይላል። በ1944 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የቺካጎ ስምምነት፣ በአንቀጽ 9፣ አገሮች ለጦር ጉዳይ ወይም ለሕዝብ ደኅንነት ሲሉ የሰማያቸውን ክፍል እንዲዘጉ ይፈቅዳል። ተማሪ አብራሪ በበረራ ካርታ ላይ የሚያጠናው ይህንኑ ነው፦ «ፒ» የሚል ምልክት ያለበት የሰማይ ክፍል ፈጽሞ አይገባበትም፣ «አር» በቅድመ ሁኔታ ይገባበታል፣ «ዲ» አደጋ ሊኖርበት ይችላል።

በመስከረም 2013 ዓ.ም. ከጎጃም በስተምዕራብ፣ ጉባ፣ በሕዳሴ ግድብ ሰማይ ላይ በረራ ተከለከለ። እንዲህ ያለው ድንገተኛ ክልከላ የታተመ ካርታ ላይ አይገኝም፤ አብራሪው ሞተር ከማስነሳቱ በፊት ኖታም የተባለውን የአብራሪዎች ማስታወቂያ ማንበብ አለበት።