ወደ ውኃው የተመለሱት፦ በኦማሃ ዳርቻ ስለ ታየው ጀግንነት



ግንቦት 29 ቀን 1936 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጁን 6 ቀን 1944፣ የተባበሩት መንግሥታት ጦር በሰሜን ፈረንሳይ በኖርማንዲ ጠረፍ ላይ ዐረፈ። ከዚህ በኋላ ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ። በዚያ ዕለት በባሕርና በአየር የገባው ሠራዊት ከ150 ሺህ ይበልጥ ነበር። ከአምስቱ የማረፊያ ዳርቻዎች እጅግ ብዙ ደም የፈሰሰበት አሜሪካውያን «ኦማሃ» ብለው የሰየሙት ነውና ዛሬ የምናገረው ስለ እርሱ ብቻ ነው።

በዕቅዱ መሠረት የመጀመሪያው ወታደር ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ አሸዋውን ሲረግጥ የጀርመኖች ምሽግ አስቀድሞ በቦምብ መድቀቅ ነበረበት። ሰማዩ በደመና በመሸፈኑ ግን ቦምቦቹ ከጠረፉ አልፈው ወደ ውስጥ ወደቁ። በሸራ ተከበው እንዲንሳፈፉ ከተሠሩት ታንኮች መካከል 741ኛው ሻለቃ 29ኙን ወደ ባሕር ቢለቅ 27ቱ ሰጠሙ። እንግዲህ የ1ኛውና የ29ኛው ክፍለ ጦር እግረኛ በማዕበል ሲናጥ ቆይቶ፣ ልብሱ በስብሶ፣ ከባድ ሸክሙን እንደ ተሸከመ የጀልባው መዝጊያ ሲወርድለት ከፊቱ ያገኘው መሸሸጊያ የሌለው ሰፊ አሸዋና መትረየስ የተጠመደበት ከፍታ ነበር።

ይህ ወደ ፊት የመገስገስ ድፍረት ደጋግሞ ተወድሷል፤ ይገባዋልም። ነገር ግን ውኃው ውስጥ መቆየት ሞት ስለ ነበረ ወደ ፊት መሮጥ የማምለጫም መንገድ ነበር። እኔን አብልጦ የሚያስደንቀኝ፣ የብስ ከደረሰ በኋላ ፊቱን አዙሮ ወደ ውኃው የተመለሰው ሰው ነው።

ጆን ፒንደር የ1ኛው ክፍለ ጦር የመገናኛ ወታደር ነበር። ከጦርነቱ በፊት ቤዝቦል ይጫወት ነበር፤ ያች ዕለት 32 ዓመት የሞላባት የልደት ቀኑ ነበረች። ራዲዮ ተሸክሞ እስከ ወገቡ በሚደርስ ውኃ ሲጓዝ፣ ከጀልባው ጥቂት ሜትር እንደ ራቀ ክፉኛ ቆሰለ። ራዲዮውን ግን የብስ አደረሰ። ሕክምናም ከለላም አልፈልግም ብሎ የጠፉ የመገናኛ ዕቃዎችን ለማምጣት ሦስት ጊዜ ወደ ባሕሩ ተመለሰ። በሦስተኛው እግሮቹን በመትረየስ ተመታ። እየደከመም ራዲዮውን ሲያስተካክል እንደገና ተመትቶ ሞተ። ለአንድ ራዲዮ ይህን ያህል? ትሉ ይሆናል። ባሕር ላይ የቆሙት መርከቦች መድፎቻቸውን የት ማነጣጠር እንዳለባቸው ከዳርቻው የሚነግራቸው ይፈልጉ ነበር።

በሽለላና በፉከራ ላደግን ለእኛ ጀግና ሲባል ቀድሞ የሚታሰበን ጠላቱን የጣለው ነው። ፒንደር የተሸለመው ግን ስለ ጣለው ጠላት አይደለም። ሁለተኛው ሰው ደግሞ የሕክምና ወታደር ነበር።

ዋቨርሊ ዉድሰን የ21 ዓመት ወጣት ሲሆን፣ በጥቁር ወታደሮች የተዋቀረው የ320ኛው ሻለቃ አባል ነበር። የሻለቃው ሥራ ዝቅ ብለው የሚበሩ የጠላት አውሮፕላኖችን ለማገድ በሽቦ የታሰሩ ትልልቅ ፊኛዎችን ማቆም ነበር። ዉድሰን ገና ሳይወርድ ጀልባው ተመትቶ እርሱም በፍንጣሪ ቆሰለ። ቢሆንም ዳርቻው ላይ 30 ሰዓት ያህል ቁስል ሲያስር፣ ጥይት ሲያወጣ፣ ከውኃ የተጎተቱትን ነፍስ ሲያድን ቆየ። የረዳቸው ሰዎች 200 ይደርሳሉ ይባላል።

ፒንደር በሞተ በወራት ውስጥ የአገሩ ከፍተኛ ኒሻን ተሰጠው። ለዉድሰን የደረሰው የነሐስ ኮከብ ነው፤ ከዚያ የሚበልጥ ኒሻን እንዲሰጠው ሲጠየቅ ሠራዊቱ በቂ ሰነድ የለም ሲል ቆየ። በሴንት ሉዊስ የሚገኘው መዝገብ ቤት ተቃጥሎ ሚሊዮኖች የወታደር ፋይሎች መጥፋታቸው እውነት ነው። ይሁን እንጂ እሳቱ የተነሣው በ1973 ነው፤ ከዚያ በፊት ያለፉትን 29 ዓመታት ሊያስረዳልን አይችልም። በጦርነቱ ዘመን ከተሰለፉት ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ ጥቁር አሜሪካውያን መካከል ያን ከፍተኛ ኒሻን የተሸለመ አንድም አልነበረም፤ ሰባት ሰዎች የተሸለሙት በ1997 ነው፤ በሕይወት የነበረውም አንዱ ብቻ ነበር።

ዉድሰን በ2005 ዐረፈ። በማዕረግ ሁለተኛ የሆነው የጀግንነት መስቀል የተፈቀደለት በ2024 ነው፤ የተቀበሉትም ቤተሰቦቹ ናቸው።

ለጥያቄዎቻችሁ ጊዜ እንዲተርፍ እዚህ ላይ ላቁም።